ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ

ልጄ ሰብለ ከደብረ ማርቆስ በደወለች ቁጥር የምታነሳው አንድ ጥያቄ አላት። "አባዬ፣ ሞጣ የራስህ ቤት እያለህ ቢቸና አንዲት ክፍል ተከራይተህ የምትኖረው ምን ነክቶህ ነው?" ትለኛለች። የሞጣ ጎረቤቶቼም ግራ ገብቷቸዋል። አንዳንዶቹ "በስተርጅና ሴት ይዞ ነው" ብለው አስወርተውብኛል አሉ። ከሴት ጋር መያያዙስ እውነት ነው፤ ግን እነሱ ያሰቡት ዓይነት አይደለም። ሴትዮዋ በእናቴ ዕድሜ ነበሩ፣ አሁን ደግሞ በሕይወት የሉም። ለሰብለ በስልክ ላስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተረፈኝ ጊዜ ብቻ ነውና ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በማዘጋጃ ቤት የግንባታ ቴክኒሻንነት ነው። ስሙ ሲጠራ ያምራል። ሥራው ግን በአብዛኛው "አጥር ገፍተሃል"፣ "አልገፋሁም" በሚባባሉ ጎረቤቶች መሐል ሜትር ይዞ መቆም፣ የተደፈነ ቦይ መቁጠርና ሪፖርት መጻፍ ነበር። ደመወዙን አላነሳውም፤ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው።

ቢቸና የገባሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። አንድ ሜትር፣ አንድ ውሃ ልክና አንድ ሻንጣ ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም። ከተማው ያኔ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ እየተሻገረ ነበር። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው አረማመዱ ይለወጣል። እኛም ይህን ያህል ቤት ቆርቆሮ ለበሰ እያልን በሪፖርት እናስገባለን። ዛፉንም ለማገዶና ለመንገድ እያልን ቆረጥነው። ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ ሰው እነዚያ ቤቶች ውስጥ እንዴት እንደሚውል የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ግንቦት ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ተቆጥታ ቢሮ መጣች። ለክትባት የሚመጡ እናቶች በሚጠብቁበት ክፍል በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለቱ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሕፃናቱ ከገቡ እስኪወጡ ያለቅሳሉ። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ቆርቆሮው ራስ ላይ የተደፋ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነርሷን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ "ኮርኒስ ምታበት" አለኝ። የኮምፔርሳቶ በጀት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ናቸው መላውን ያመጡት። "እትዬ ትዋብን ለምን አትጠራቸውም? ቤታቸው ገብተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። በቀትር ወሰዱኝ። ከውጭ ሲያዩት ያው እንደ ሰው ሁሉ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ገብቼ ስቀመጥ ግን ጀርባዬ ላይ የነበረው ላብ ቀዘቀዘ። ቀና ስል ከቆርቆሮው ሥር የሸምበቆ ኮርኒስ አለ፣ በጭቃ የተመረገ። ግድግዳው አናት ላይ፣ ክፈፉ ሥር፣ ጡጫ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች በተርታ ተከፍተዋል። ወጥቼ ስዞረው ምዕራብ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጣት የተሰመረ ነው፤ ከላይ አግድም፣ ከታች ቁልቁል፣ መሐል መሐሉ ላይ አበባ የሚመስል ነገር። በነጭ አፈር ተቀብቶ ያበራል። ደስ የሚል ጌጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ትዋብ ባላቸው ሞተው አንድ ልጃቸውን አዲሱን በምርጊት የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። የሰው ግድግዳ በጭቃ እየመረጉ፣ ወለል እየለቀለቁ ይኖራሉ። ቀጠርኳቸው። በደመወዝ መክፈያው ላይ "የቀን ሠራተኛ" ብዬ ጻፍኩ፣ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት በርጩማና እንዝርት ይዘው መጡና ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጥጥ መፍተል ጀመሩ። እስከ ምሳ ፈተሉ። ከምሳ በኋላም ፈተሉ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት እያየ "ይቺ ሴትዮ የቀጠርናት ለጋቢ ነው ለግድግዳ?" ይለኛል። አፈርኩና ሄጄ፣

"እትዬ፣ መቼ ነው የምንጀምረው?" አልኳቸው።

"ጀምረናል እኮ። ፀሐይዋ ስንት ሰዓት እንደምትነካው፣ የት ላይ እንደምትቆይ አላየህም? ዝናቡስ በየት በኩል ነው የሚመጣ?"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲያ አንተም ተቀመጥ።"

አልተቀመጥኩም። ፋይል ነበረኝ።

እሳቸው ግን አንድ ግድግዳ ሳይነኩ አንድ ሙሉ ቀን ፊቱ ይቀመጣሉ። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ልማድ አንድ ጊዜም ሲያጓድሉ አላየሁም። ጭቃውም እንዲሁ ነው። ከጤፍ ጭድ ጋር ያቦኩታል፣ በእግር ይረግጡታል፣ ይከድኑታል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አያነሱትም። በየማለዳው ቆንጠር አድርገው ያሸቱታል። ሽታው የከረረ ቀን "በሰለ" ይላሉ። ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የበሰለው አንድ ላይ ተያይዞ ይቀራል። ሲመርጉም ቀትር ላይ እየመጡ የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው። "መዳፍ ሥራ ያደነዘዘው ነው፣ አይሰማም" ይሉኝ ነበር።

ጣታቸውን በእርጥቡ ምርጊት ላይ ሲያስኬዱ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

"ይኸ ጌጥ ለምንድን ነው? ሥራውን አያዘገይም?"

"ሜዳ ግድግዳ ፀሐይን ፊቱን ሰጥቶ ይቀበላታል። ቦይ ካለው ግማሹ ለግማሹ ጥላ ይሆናል። እጅህን አግባና እየው።"

"አበባውስ? አበባው ምን ያጠላል?"

"አበባውማ ደጅ ለሚጠብቀው ሰው ነው። የታመመ ሰው ተቀምጦ የሚያየው ሲያጣ ሙቀቱን ነው የሚቆጥር።"

ያን ቀን ሌላም ነገር ነገሩኝ። አግድም የሚሰመረው ዝናብ የማያገኘው ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ክፈፍ የሚከልለው፣ ወይም ዛፍ የሚመክትለት። ዝናብ የሚመታው ላይ ቁልቁል ይሰመራል፣ ውሃው እንዲወርድ። የጤና ጣቢያው ግድግዳ የባሕር ዛፍ ተርታ ስለሚከልለው ከሞላ ጎደል አግድም አደረጉት። "ዝናብ ፊት አግድም ብታደርገው ውሃውን ታቅፎ ይቀመጣል፣ ከውስጥ ይበላዋል" አሉኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ሥራው ያለቀ ሰሞን ነርሷ ደግማ መጣች። አሁንስ ምን ሊመጣብን ነው ብዬ ተነሳሁ። "ኑና እዩ" ብላ ወሰደችን። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ነው፣ ውጭ መሬቱ ይጋግራል። ክፍሉ ውስጥ እናቶቹ በዝግታ ያወራሉ፤ ሕፃናቱ ጭናቸው ላይ ተኝተዋል። ሁሉም። እትዬ ትዋብ በሩ ላይ ቆመው ቆጠሯቸውና "ልጅ ከተኛ እንግዲህ ቀዝቅዟል" ብለው እንዝርታቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ቴርሞሜትር ፍለጋ ነበር የምሯሯጠው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አብረን ሠራን። የገበያ ዳስ፣ የትምህርት ቤት ክፍሎች፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የመናኸሪያው መጠበቂያ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ጭቃ ይወዳል፣ አንዱ ይጸየፋል፣ አንዱ ከስብሰባ አይወጣም። እትዬ ትዋብ ሁሌም የቀን ሠራተኛ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ስም የኔ ነው። ይህን ያኔ እንደ ስርቆት አላየሁትም፤ የቢሮ አሠራር ነው ብዬ ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ወሬ ወረዳ ድረስ ወረደ፤ ከተሞች ሙቀትን እንዴት ይቋቋሙ የሚል ዐውደ ጥናት ደብረ ማርቆስ ላይ ተጠራ። ቢቸና ተሞክሮ ታቅርብ ተባለና እኔ ተላኩ። የእትዬ ትዋብን መስመሮች በትልቅ ወረቀት ላይ በማስመሪያ አሳምሬ ነድፌ፣ ልኬት ጽፌ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ከበበው። ከክልል የመጣ አንድ ኃላፊ ብዙ ሲያየው ቆየና "ይህን ዲዛይን ማን አወጣው?" አለ።

አፌ ላይ ስማቸው ነበር። "እኛ ነን፣ ቢሮው" አልኩ። ቆየት ብሎ "ማለት በዋናነት አንተ ነህ?" ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። አንገት መነቅነቅ እንዴት ቀላል ነው።

ከሁለት ወር በኋላ በእድገት ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ሞጣ ለመውለድ የደረሱ የገጠር ሴቶች ከጤና ጣቢያው አጠገብ የሚቆዩበት ማረፊያ ቤት እየተሠራ ነበር፤ ያን ዲዛይን እንድሠራበት ነው። ልሰናበታቸው ስሄድ እትዬ ትዋብ የሰሙትን ሰምተው ኖሮ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ።

"ይዘኸኝ ሂድ። ግድግዳውን ሳላየው አይሆንም።"

"እሺ እትዬ፣ መኪና እልክብዎታለሁ።"

"ቀኑን ንገረኝና ጥጤን ላሰናዳ።"

"አስታውቅዎታለሁ።"

አልላክሁም። እሳቸው መጥተው በርጩማቸው ላይ ቢቀመጡ፣ ዲዛይኑ የማን እንደሆነ ለመታወቅ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ለራሴ ግን የተሽከርካሪ እጥረት አለ እያልኩ ነገርኩት።

ሞጣ በቅጥር የመጡ ወጣቶችን አሰልጥኜ ወረቀቴን እያሳየሁ አሠራኋቸው። ጭቃው ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ጭዱ ጥሩ ነበር፤ በዚያ በኩል አላሳነስኩም። መስመሩ ልክ እንደ ወረቀቱ ሆነ። ከጤና ጣቢያው ግድግዳ የቀዳሁት ነውና ከላይ እስከ ታች አግድም ነው። ያከራዩኝ ሐጂ ሰዒድ የተባሉ ነጋዴ ነበሩ፣ ሞጣ ተወልደው ሞጣ ያረጁ። አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት።

"ደሳለኝ፣ ከግድግዳው ፊት ያለው ይኸ ሜዳ እኮ በክረምት ዝናቡ የሚነሳበት ነው። በዚህ በኩል ነው የሚደበድበን። አልተነገረህም?"

"ዲዛይኑ ተፈትኗል ሐጂ" አልኳቸው።

"እንግዲያስ ይሁን" ብለው ሄዱ። ሰው አክባሪ ናቸው።

ያን ሚያዝያና ግንቦት ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ጎብኚ መጣ፣ ፎቶ ተነሳን። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ የማረፊያ ቤቱ ምግብ አብሳይ እየሮጠች መጣች፤ መናገር አቅቷታል፣ በእጇ ብቻ ትጠቁማለች። ስደርስ የምዕራቡ ግድግዳ ከወገቡ በላይ የለም። ውሃ የጠጣ ጭቃ አልጋ ላይ ተከምሯል። ከሥሩ የወጣችው አንዲት የደረሰች እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷን በክንዷ ከልላ እግሯን አልከለለችም። ልጁ በሦስተኛው ቀን በሰላም ተወለደ። እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር ደህና አልገጠመም።

ስኳርና ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው ነው ያሏት። "ደስ የሚል ግድግዳ ነበር" አለችኝ ተኝታ። "ምጡ እስኪመጣ ደጅ ተቀምጬ መስመሩን በዐይኔ እየተከተልኩ ነበር የምውለው።"

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና ባለሙያው የውድቀቱን ምክንያት ይጻፍ ተባለ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ መስመሩን ከሌላ ቦታ ገልብጫለሁ፣ ዝናቡ በየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ቤት እየሠራሁ ነበር፣ ሰብለ ትምህርት ቤት ነች፣ ባለቤቴ ታማለች። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጭቃ ጻፍኩ። "የአደጋው መንስኤ የጭቃ ግንባታ ባሕርይና ባህላዊው አሠራር የጥራት ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው" ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተመታበት።

ያ ወረቀት እግር አወጣ። በዓመቱ በዙሪያው ላሉ ከተሞች ሕዝብ የሚገለገልባቸው ቤቶች በሙሉ ከጭቃ ወደ ብሎኬትና ሲሚንቶ እንዲዞሩ መመሪያ ወረደ። ቢቸና የእትዬ ትዋብ ግድግዳዎች አንድ በአንድ ፈረሱ፤ አዳራሹ፣ መናኸሪያው፣ የክትባቱ ክፍል ሳይቀር። የሰማሁት በስልክ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሻይ አዘዝኩ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ሞጣ አሥር ዓመት ገደማ ሠራሁ። ኮብልስቶን አስነጠፍኩ፣ አስፋልት ለካሁ። ባለቤቴ ሳልነግራት ሞተች። ሰብለ ተዳረች። ቢሮ ከሰው ጋር እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ የሚያነጋግረኝ ሰው ቢመጣም ብዙ አላስቀምጠውም ነበር። ነገር ከተጀመረ ወዴት እንደሚደርስ አይታወቅማ። ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡሱ ቢቸና ሲቆም አልወርድም፤ የተኛሁ እመስላለሁ።

ጡረታ የወጣሁ ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ወረድኩ።

የድሮ ቤታቸው የለም። ልጃቸው አዲሱ ሹፌር ሆኖ ትንሽ ሲያገኝ እናቴን ላክብር ብሎ ጭቃውን አፍርሶ በብሎኬት አራት ክፍል በተርታ ሠርቷል። ሦስቱ ይከራያሉ፣ ምዕራብ የምታየው የጥጓ የሳቸው ናት። ራሱ ከነቤተሰቡ ሌላ ሰፈር ይኖራል። እትዬ በራቸው ላይ እየፈተሉ ነበር፤ ቀን ቀን ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ዐይናቸው ደክሟል።

"ማነህ?"

"ደሳለኝ ነኝ እትዬ፣ ቴክኒሻኑ።"

"ደሳለኝ? ምነው መኪናው ዘገየ?" ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብረ ማርቆስ አንገቴን መነቅነቄን፣ ሞጣን፣ እግሯ የተሰበረውን ልጅ፣ ስለ ጭቃ ጽፌ የፈረምኩትን ወረቀት። እንዝርቱ ቆመ።

"መስመሩ እንዴት ነበር?"

"አግድም።"

"ዝናቡስ?"

"በዚያው በኩል ነው የሚመጣው።"

"ስንት ቀን ተቀመጥክ?"

"አንድም ቀን።"

እንዝርቱን መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ያሉትን እስክሞት አልረሳውም። "እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር። ሲያፈርሱ ቆሜ አይቻለሁ። ጭዱን አሳንሼ ይሆን፣ ጭቃውን ሳይበስል አንስቼ ይሆን እያልኩ ይኸን ሁሉ ዓመት..." አሉና ተዉት።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ይቅርታውን ቆይ። ልጅቱን ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"ሂድና ንገራት። ስትመለስ በርጩማ ይዘህ ና።"

ሄድኩ። ከሞጣ ወጣ ያለ መንደር ነው የምትኖረው። ታነክሳለች። ልጇ ትልቅ ሆኗል፣ ውሃ አቀረበልኝ። ግድግዳው የወደቀው በኔ ጥፋት ነው አልኳት። ብዙ አየችኝና "ታዲያ አሁን ምን ላድርግልህ?" አለችኝ። ውሃውን ጠጥቼ ተነሳሁ። ለሞጣ ማዘጋጃ ቤትም እውነቱን ጽፌ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገቢ ማኅተም መታችበትና "ጉዳዩ ምንድን ነበር?" አለችኝ። የሚያስታውሰው ሰው የለም።

ስመለስ ከምዕራቡ ግድግዳቸው ፊት ለፊት አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩ፣ በሥልሳ ዓመቴ። ሰው እያለፈ ያየኛል። ፀሐይዋ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ትይዘዋለች፤ ከታች እስከ ጉልበት የዝናብ ፍንጣቂ ነጠብጣብ አለ፤ ክፈፉ ከላይ ሁለት ክንድ ያህል ይከልላል። ማታ ይህን ስነግራቸው "አሁን ቴክኒሻን ሆንክ" አሉኝ።

አዲሱ መጥቶ አየና "ጋሼ፣ ብሎኬት ላይ ጭቃ? ሰው ይስቅብኛል እኮ" አለ። እናቱ ከውስጥ "ይሳቅብህ!" አሉት።

ጭቃውን በእግሬ ረገጥኩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ሳሠራ ኖሬ ጭቃ ውስጥ እግሬን ስከት የመጀመሪያዬ ነበር። በየማለዳው ቆንጥሬ አመጣላቸዋለሁ፣ ያሸታሉ፣ "ገና ነው" ይላሉ። አንድ ቀን "በሰለ" አሉ። እንደ ምንም ደግፌ በርጩማቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። የታችኛውን ቁልቁል መስመር እሳቸው ጎተቱት፣ ተቀምጠው እጃቸው እስከደረሰበት። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ክፈፉ ሥር ያለውንም አግድም፣ እኔ ሠራሁ። ስጨርስ ደግፌ አቆምኳቸው፤ የእጃቸውን ጀርባ እያሳረፉ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"እዚች ላይ ቸኩለሃል። አፍርሳት።"

አፍርሼ ደግሜ መረግኩት። ደግመው ዳበሱት። "እጅህስ ደህና ነበር። ምነው ቀድመህ ብታወጣው" አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ቃል ግን አልሰማሁም። ጠብቄ ነበር፤ ደግሜ መጠየቅ አፈርኩ።

ነጭ አፈሩ ሳይቀባ፣ መጋቢት ሲጋመስ፣ ሁለት ቀን ታመው አረፉ። ሚያዝያ ሳይደርስ። ያን ክፍል ቀዝቅዞ አልተኙበትም። ቀብራቸው ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ ሳለቅስ ይህ ሰው የምን ዘመድ ነው ተባባሉ። በማግስቱ ነጭ አፈሩን ብቻዬን ቀባሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ክፍሏን ለማከራየት ጭቃውን ሊያስፍቀው እንደሆነ ሰማሁ። ተከራይ ጭቃ አይወድም አለኝ። "እኔ እከራያታለሁ፣ እንዳትነካት" አልኩት። እንግዲህ ያለሁበት ክፍል ይህች ናት። አልጋ፣ ሬዲዮ፣ ሁለት በርጩማ።

ሚያዝያ ገባ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ትኖራለች፣ ባሏ ለሥራ ርቋል። ሕፃኗ ከሰዓት ከሰዓት እያለቀሰ እሷንም እኔንም ፈጀን። አንድ ቀን አላስችል አለኝና በሯን አንኳኩቼ "ልጄ፣ የኔ ክፍል ይሻላል፣ አምጥተሽ አስተኚው" አልኳት። አመነታች፣ ከዚያ አመጣችው። አልጋዬ ላይ አጋደመችውና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ወጥቼ በርጩማዬን ምዕራቡ ግድግዳ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። ፀሐይዋ ትነድዳለች። ለቅሶው ቀስ እያለ ሄዶ ሄዶ ጠፋ።

"ተኛ?" አልኩ በዝግታ።

"ተኛ፣ ጋሼ።"

የእጄን ጀርባ እሳቸው የጎተቱት መስመር ላይ አሳረፍኩ። ይህን ሮጬ የምነግረው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛዋ በርጩማ ባዶዋን ናት።

እናም ሰብለዬ፣ ክፍሉን የማልለቀው ለዚህ ነው። ስትደውዪም ጠዋት ይሁን ወይ ማታ። ከሰዓት በኋላ አትደውዪ፤ ሕፃኑ ይተኛል።